ጎንግ ሺባኦ ዝም ያላለበት ቀን

የዚያን ትልቅ ጦርነት ታሪክ የጻፉ ሰዎች ሚዛኑ የተገለበጠው የት ነው ሲባሉ ሚድዌይ ይላሉ፣ ስታሊንግራድ ይላሉ። ይበሉ፤ እኔ እዚያ አልነበርኩም። እኔ የሺንጂን ገበሬ ነኝ፣ የማወራውም ያየሁትን ነው። ጠላት ባሕር ተሻግሮ ያመጣብን ጦርነት ሰባት ዓመት ሙሉ ወደ እኛ ብቻ ሲመጣ ኖረ፤ የሚመለስበት መንገድ አልነበረውም። የመመለሻውን መንገድ በገመድ እየጎተትን ያበጀነው እኛ ነን። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ደግሞ ጎንግ ሺባኦ የሚባል ሰው ነበር። ዛሬም ስሙን ስጠራ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ጎንግ መሬት አርሶ አያውቅም። በሚን ወንዝ ላይ ጀልባ ሽቅብ ለሚጎትቱ ሰዎች ዘፈን አውጪ ነበር። ጎታቾች የቀርከሃውን ገመድ በትከሻቸው አጋድመው፣ አፍንጫቸው መሬት ሊነካ ምንም እስኪቀረው ጎንበስ ብለው ነው የሚሄዱት። ከፊታቸው ያለውን አያዩም፤ ዓይናቸው የአውጪው ድምፅ ነው። እሱ ያወጣል፣ እነሱ «ሄይ ዮ!» ብለው ይቀበሉና አንድ እርምጃ ይራመዳሉ። ድምፁ በድንገት ከተቋረጠ ግን ጀልባው ሊያመልጥ ነው ማለት ስለሆነ፣ ሁሉም እዚያው ድፍት ብለው መሬቱን ይቧጥጣሉ። አስበው አይደለም፤ ከደማቸው ጋር ተዋህዷል።

አዲሱ ዓመት እንዳለፈ የአሜሪካኖቹ ግዙፍ አውሮፕላኖች የሚያርፉበት ሜዳ ይሠራ ተባለና ገበሬውም የወንዝ ሰውም ወጣ። ማሽን የሚባል ነገር አልነበረም። የሩዝ ማሳችንን በወንዝ ጠጠር ሞላነው፤ ከላዩ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ክብ የድንጋይ መዳመጫ ጎተትንበት። ያ ድንጋይ መጀመሪያ ንቅንቅ ያለ ዕለት አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ተራራ በሰው ትከሻ ሲሄድ አየሁ ብል ማን ያምነኛል? የሚያንቀሳቅሰው የጎንግ ጉሮሮ ነበር።

ሚስቱ ዩፌንና እኔ ከጎታቾቹ ኋላ፣ ከድንጋዩ ፊት ፊት እየሄድን ያፈነገጠውን ጠጠር በዶማ እናስተካክል ነበር። ጎንግ ከጎን ሆኖ ቀኑን ሙሉ እሷን ነው የሚዘፍናት።

«አንተ አልሞት ባይ! ሚስትህን የአገሩ መሳቂያ አደረግካት?» ትለዋለች ዩፌን።

«ታዲያ የጎረቤቴን ሚስት ልዝፈን?»

«እስቲ ሞክራትና ማታ ሩዝ ማን እንደሚሰጥህ እናያለን!»

አንድ ቀን ድንጋዩ ቆሞ ገመዱ ገና ሲወጠር፣ ጎንግ ውሃ ሊጎነጭ ዝም አለ። የወንዝ ሰዎቹ እንዳሉ ድፍት አሉ። ከነሱ ጋር የዋሉት ገበሬዎችም ለካ ለምደውት አብረው ተደፉ። እኛ ሴቶቹ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ጎንግ ግን ፊቱ አመድ መሰለ።

«እናንተ ሰዎች፣ ይሄ ጀልባ አይደለም!» ብሎ ጮኸባቸው። «ድንጋዩ ያለው ከኋላችሁ ነው! እየተንከባለለ ብትተኙ ሁላችሁንም ያነጥፋችኋል!»

«ገብቶናል፣ ጋሼ ጎንግ» አሉት። አእምሯቸው ገብቶት ይሆናል፤ ሰውነታቸው ግን አልገባውም። ከዚያ ወዲህ ጎንግ ገመዱ ሳይላላ ውሃ በአፉ አላለም።

ሜዳው ወደ ወንዙ በኩል ትንሽ ያዘቀዝቃል። እዚያ ሲደርስ ድንጋዩ በራሱ ይሄዳል፤ ጎታቾቹ ፊት ፊቱ መሮጥ ብቻ ነው ያላቸው። አንድ ሌላ ቀን ልክ እዚያ ስንደርስ ጎንግ «ሚስቴ ሩዝ ብታበስል ጎረቤት ይሸሻል!» ብሎ አወጣ። «ሄይ ዮ!» አሉ። የዩፌን እግር በሁለት ድንጋይ መካከል ገባና ወደቀች።

እጇን ይዤ ጎተትኩ። እግሯ አልወጣ አለ። ቀና ስል ጎንግ እያየን ነው። አየ፤ ዓይኑ ሲፈጥ አይቻለሁ። ዝም ቢል ያ ሁሉ ሰው ድንጋዩ ሥር ሊነጠፍ ነው።

«ጭሱን ያየ ሁሉ ቤት ተቃጠለ ይላል!» ብሎ ዘፈነ። ያው ድምፅ፣ ያው ቀልድ ነው። ሰዎቹ ሳቁ! ጎንበስ ብለው ምኑን ያዩታል፤ እየሳቁ «ሄይ ዮ!» አሉ።

«ቤቷ በግራ በኩል ነው፣ ወደ ግራ ሂዱላት!»

«ሄይ ዮ!»

ገመዱ ወደ ግራ ተሳበ። ድንጋዩ ቅር እያለው ጥቂት ዞረ። ያቺ ጥቂት የዩፌንን ሕይወት አተረፈች፤ ግራ እግሯ ግን ከጉልበት በታች ከጠጠሩ ጋር ተዳመጠ። ጎንግ ድንጋዩ ደልዳላው ላይ ደርሶ እስኪቆም ድረስ ሌላ ስንኝ፣ ደግሞ ሌላ ስንኝ አወጣ። ከዚያ በእጁም በእግሩም እየዳኸ ነው የደረሰላት።

በማግስቱ ተመልሶ አወጣ፤ ሌላ ሰው የሚያምኑ ጎታቾች አልነበሩም። ዘፈኑ ግን ቃል የለውም፣ ድምፅ ብቻ ነበር። «ሚስቱ እየተጨፈለቀች የሚቀልድ አረመኔ» ያለች አንዲት ሴት ነበረች፤ አፏን በጭቃ ልደፍነው ስል ነው የያዙኝ። እሱ ግን ሰምቷት ኖሮ ለብቻዬ ሲያገኘኝ፦

«እህቴ፣ እውነቷን እኮ ነው። እየዘፈንኩ ጨፈለቅኳት። ይቅር ትለኝ ይሆን?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እሷን ጠይቃት።»

«አፌ እንቢ አለኝ።»

ስንዴው ሲታጨድ ሜዳው አለቀ። የመጀመሪያው አውሮፕላን በመጣ ቀን ጎንግ ዩፌንን በጀርባው አዝሎ መጣ። ደመናውን ሰንጥቆ ያ የሚያብለጨልጭ ነገር ሲወርድ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ቀና አለ። ያን የሚያህል ብረት በእጃችን ባነጠፍነው ጠጠር ላይ አረፈ፤ ጠጠሩም ቻለው። ሽማግሌዎች ተንበርክከው አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚህ ተነስቶ ጦርነቱን ወደመጣበት ሊመልሰው ነው።

ዩፌን ባሏ ጀርባ ላይ ሆና ወደ አውሮፕላኑ እጇን አርገበገበች። «ቀስ በል አንተ! እግሬ ከሥርህ ነው!» ብላ ጮኸች።

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ጎንግ አልሳቀም። ፊቱን ሳያዞር፣ ከአጠገቡ ያለሁት እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣ «ያን ጊዜ ስዘፍን ሰምተሽኝ ነበር?» አላት።

«ሰማሁህ እንጂ» አለች፤ አገጯን ትከሻው ላይ አሳረፈች። «እንዳታቆም ብቻ ነበር የፈራሁት።»