ያልተቀረጸው ዓይኔ

ልጄ ሥዕሉን ከተጠቀለለበት ጨርቅ ስታወጣው ቀድሞ የደረሰኝ ሽታው ነው፤ የደረቀ ቀለምና የተልባ ዘይት። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ይህ የሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ እሱን እሱን ሲሸት የመጀመሪያው ነው።

ያኔ ከዚህ ብዙም በማይርቀው አሌክሳንድሪያ፣ ቤዝመንት ውስጥ ነበርን። ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም። እሱ ማታ ማታ ፓርኪንግ ይሠራ ነበር፤ እኔ የሥራ ፈቃዴ እስኪመጣ ቤት ተቀመጥኩ። ያለችን አንዲት ጠባብ መስኮት ጣሪያው ሥር ነበረች፤ የመንገደኛ እግርና የመኪና ጎማ ብቻ ታሳያለች። ዊንተሩን ሙሉ ከሥሯ ተቀምጬ አንጋጥጬ ዋልኩ። ከኋላዬ የመሮው ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ባለቤቴ ከእንቅልፉ ሲነሳ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ እንጨት ይቀርጻል።

አንድ ቀን የቀረጸውን እንጨት ቀለም ቀባው፣ ወረቀት አለበሰው፣ ጀርባውን በማንኪያ አሸት አሸት አደረገና ገልጦ አሳየኝ። እኔ ነኝ። ጉንጬ በመጥረቢያ የተፈለጠ ይመስላል፤ ከላይ የሚወርደው ብርሃን ፊቴን እንደ ፍርግርግ ከፋፍሎታል። የተቀረጽኩት በጎን ነው፤ ዓይኔም አንድ ብቻ። ግድግዳው ላይ ሰቀለው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ብቅ የሚሉ ጎረቤት ነበሩን፣ ትልቅ ሴት። ሥዕሉን ሲያዩ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን አድርገሽው ነው? በአንድ ዓይን የሚሳለው እኮ ሰይጣንና ይሁዳ ነው።»

ይቀልዱ ያምርሩ አልገባኝም። እኔም ያደግኩት እንዲያ ያሉትን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች እያየሁ ነው። ሲሄዱ ቤቱ ይበልጥ ጠበበኝ። መውጫ የለኝ፣ የማኮርፍበት ሌላ ክፍል የለኝ፤ አብሮኝ የተዘጋበት ሰው ደግሞ እንደ ክፉ ያየኛል አልኩ። ሥዕሉን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።

ባለቤቴ ከሱቅ ሲመለስ ምን ሆነሽ ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ሊስቅ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው።

«ዞረሽ አይተሽኝ አታውቂማ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ከዚህ ወንበር የሚታየኝ ይሄው ጎንሽ ነው። ሌላኛውን ዓይን ከየት ላምጣው?»

ለካ እሱም እዚያ ቤት ብቻውን ነበር። የዚያን ቀን ወንበሬን አዞርኩለት። እንደገና እቀርጽሻለሁ አለኝ። ከዚያ ፈቃዱ መጣ፣ ሥራ መጣ፣ ልጅ መጣች፤ መሮው ሳጥን ገባ።

አሁን ልጄ ሥዕሉን የት ልስቀለው ትለኛለች። ከአባትሽ ወንበር በላይ አልኳት። የዚህ ቤት መስኮት ሰፊ ነው፤ ዛፍም ሰማይም ያሳያል። ለመስኮቱ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ በሁለቱም ዓይኖቼ ወንበሩን አያለሁ።