የጥጃው ዱቄትና የአሥር ወር ልጄ

ጠዋት ነው... ጡጦ ይዤ ጥጃዎቹን እየዞርኩ ሳጠባ የከብት ሐኪሟ መጣችና ጡጦውን ከእጄ ወሰደችው።

«ይሄ ዱቄት ከዛሬ ጀምሮ ይቁም» አለችኝ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። ከሱዳን ካምፕ ወጥተን አትላንታ ከገባን ዓመት አልሞላንም። ባለቤቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ዱሉዝ የሚባል ቦታ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። እኔ ደግሞ ከማሪዬታ አለፍ ብሎ ባለ የወተት ላም እርባታ ጥጃ አጠባለሁ። አገር ቤት የጤና ረዳት ነበርኩ። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም... ጥፋቴን ስለሚያባብሰው ነው።

በዚያ ሳምንት ጥጃዎቹን ተቅማጥ ያዛቸው። የእርባታው ባለቤት አንቲባዮቲክ ዱቄት ሰጠኝና በወተት እየበጠበጥኩ ለሁሉም እንዳጠጣ አዘዘኝ። አጠጣሁ። ሁለቱ ሞቱ።

በዚያው ሰሞን የአሥር ወር ልጄንም ተቅማጥና ትውከት ጀመረው። ኢንሹራንስ የለን፣ ሐኪም ቤት የሚወስደን ሰው የለን... እኔም ከዱቄቱ ትንሽ በወረቀት ጠቅልዬ ይዤ ወጣሁ። ልኩን በግምት ቀነስኩና እኔ ሌሊት ለሥራ ስለምወጣ ልጄን አሳድረው ለሚጠብቁልኝ ለእትዬ ዘነበች ሰጠኋቸው። እትዬ ዘነበች ብሩክሄቨን በምንኖርበት ሕንፃ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነበር የሚኖሩት። ካምፕ ውስጥም አብረን ነበርን።

«በቀን ሦስት ጊዜ በጡጦው እየበጠበጡ ይስጡት» አልኳቸው።

«የምን መድኃኒት ነው?»

«አንቲባዮቲክ ነው እትዬ። እኔ አውቀዋለሁ።»

ወረቀቱን ተቀበሉኝ።

ይሄ በዋዜማው ከሥራ ስመለስ ነው። እንግዲህ በማግስቱ ጠዋት ነው ሐኪሟ ጡጦውን የወሰደችብኝ።

«ለምን ይቆማል?» አልኳት።

«የላብራቶሪ ውጤት መጣ። ቫይረስ ነው። አንጀታቸው ውስጥ የሚኖሩ ደህና ባክቴሪያዎች አሉ። ቦታውን ይዘው ለክፉው ጀርም መግቢያ የሚያሳጡት እነሱ ናቸው። ይሄ ዱቄት ቫይረሱን አይነካውም፣ እነሱን ግን ይጨርሳቸዋል። ከዚያ ተቅማጡ ይብሳል።»

መጨረሻው በረት ውስጥ ወተቱን በጡጦ አልወስድም ብላ ያስቸገረችኝ ጥጃ ነበረች። ዱቄቱን አልቀመሰችም። ታማም ነበር፣ ግን ከሁሉም ቀድማ ድና ቆማለች። ይህን ነገርኳት።

«በአንድ ጥጃ አልምልም» አለች ሐኪሟ፣ «ግን አይቻታለሁ።»

«ሰው ላይም እንዲህ ነው?»

«ሰውም የራሱ ባክቴሪያዎች አሉት። ለምን ጠየቅሽ?»

እየሮጥኩ የወተት ማለቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ ወዳለው ስልክ ሄድኩ። ጠራ... ጠራ... የሚያነሳ የለም። እትዬ ዘነበች ፈረንጅ ከሆነ ምን እላለሁ ብለው ስልክ እንደማያነሱ አውቃለሁ። ቢሆንም ደወልኩ። ተመልሼ ሁለት ጥጃ አጠባሁና እንደገና ደወልኩ። የአንዱን ጡጦ ለሌላው ሰጠሁ። አንድ ባልዲ ወተት ደፋሁ። ቆሜ አንድ ሥራ መጨረስ አቃተኝ። ራይድ የሚሰጠኝ፣ በመኪናው ቤት የሚያደርሰኝ ሰውዬ የሚመጣው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ገና ሦስት ሰዓት አልሆነም።

ሦስተኛ ጊዜ ስልኩን ስዘጋ ሐኪሟ ከኋላዬ ቆማለች።

«ለልጄ ሰጥቼዋለሁ» አልኳት።

አልተቆጣችኝም። «ከመቼ ጀምሮ?» ብቻ አለችኝ።

«ከትናንት።»

«ሲያለቅስ እንባ አለው? ይሸናል?»

«አላውቅም... ከሌሊት ጀምሮ እዚህ ነኝ።»

ቁልፏን አወጣች። ፒካፗ ውስጥ ገመድና የላስቲክ ቦቲ እግሬ ሥር ተከምሯል። ቱ ኤይቲ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ልጁ ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ ስንት ግራም እንደሰጠሁት ጠየቀችኝ። ጣቶቼን እያጠፍኩ ቆጠርኩ፣ ተሳሳትኩ፣ እንደገና ቆጠርኩ። ትናንት ሁለቴ፣ ዛሬ ጠዋት አንዴ... ምናልባት አሁን ደግሞ እየበጠበጡለት ይሆናል።

ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። እትዬ ዘነበች ልጁን ታቅፈው በማንኪያ የሆነ ነገር ያጠጡታል። ዓይኑ ጎድጎድ ብሏል። ሲያየኝ አለቀሰ... እንባ ወረደው። ያን ቀን የልጄ ለቅሶ ደስ አለኝ።

«ዱቄቱን ስንት ጊዜ ሰጡት?» አልኳቸው።

መጀመሪያ ፈረንጇን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን።

«እንዳትቀየሚኝ» አሉ። «አንድም ጊዜ አልሰጠሁትም። ሽንት ቤት ደፋሁት።»

«ለምን?»

«ላም ላም ይሸታል። አንቺ ደግሞ አውቀዋለሁ አልሽ፣ ምን ብዬ ልከራከርሽ? ካምፕ ውስጥ ነርሶቹ እንዳሳዩን ውሃ አፍልቼ፣ ስኳርና ጨው በልኩ አድርጌ፣ ትናንትም ዛሬም በማንኪያ ሳጠጣው ነው የዋልኩት።»

በሩ ሥር ተቀመጥኩ። ሐኪሟ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። ስተረጉምላት፣ «ጥጃ ቤቱን ለእሳቸው ብንሰጣቸው ይሻላል» አለች።

ግን እኔ የላም ሐኪም ነኝ ብላ ወደ ሆስፒታል ወሰደችን። የሕፃናት ሐኪሙም ቫይረስ ነው አለ። ግሉኮስ ተተከለለት። አንቲባዮቲክ አላዘዘለትም፣ ፈሳሹን ግን ቀጥሉ አለ። አመሻሽ ላይ ቤታችን ገባን። በሳምንቱ መዳህ ጀመረ። ከጥጃዎቹም አንድ ብቻ ተጨምሮ ሞተ፣ የቀሩት ተረፉ።

እትዬ ዘነበችን ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኩ።

«ለደግ ብለሽ ነው» አሉኝ። «ግን ሁለተኛ አውቃለሁ ስትዪ እንዳልሰማሽ።»

ልጄ ዛሬ አርባ ሊሞላው ነው። ባለፈው ክረምት ፍሉ ይዞት ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ከለከለኝ ብሎ ደውሎ አማረረልኝ።

«ልክ ነው» አልኩት።

«ማሚ፣ አንቺ በምን አወቅሽ?»

ወሬ ቀየርኩበት... አማርኛ ማንበብ አይችልም፣ ለዚህ ነው እዚህ የጻፍኩት።