ደህና ነኝ የሚለው ሞደም

ቡሩልካን ሃያ ዓመት በስልክ ቤት ገመድ ስትሰካ ኖራ፣ አሁን የገጠር ክሊኒኮችን ከናሪን ከተማ ሆስፒታል ጋር የሚያገናኙ መስመሮችን ታስተካክላለች። ሾፌሯ እኔ ነኝ። በዕድሜ ትበልጠናለችና ሁላችንም «ኤጄ»፣ ታላቅ እህት፣ እንላታለን፤ ስትቆጣ ግን የእንጀራ እናት ናት።

ታሽ ቡላክ ክሊኒክ ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ በሞደም በኩል የሚያልፍ የስልክ ሽቦ፣ ሌላው ኮረብታው ላይ ያለው አንቴና። ሽቦው ሲበጠስ መስመር የሚመርጠው ራውተር በራሱ ወደ አንቴናው እንዲዞር ያዘጋጀችው እሷው ናት። ዘንድሮ በረዶው ሽቦውን ሁለቴ በጠሰው፤ ራውተሩ ግን ንቅንቅ አላለም። የሕመምተኞች የልብ ምርመራም ናሪን ያለው ሐኪም ጋ ሳይደርስ ቀረ። ሐሙስ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ መስመሩ አሁንም ካልሠራ የልብ መመርመሪያው ተነቅሎ ወደ ሌላ መንደር ይሄዳል።

«ቢሮ ያሉት ወንዶች ወደ ስልክ ቤትሽ ተመለሺ ይሉኛል» አለችኝ መንገድ ላይ። «መሣሪያው ከታሽ ቡላክ አይወጣም። በቃ።»

ክሊኒኩ በር ላይ ሰማንያ የደፈኑትን፣ መንደሩ «አታ»፣ አባት፣ የሚላቸውን ሽማግሌ ጄክሼን አታን አገኘናቸው። ኤጄ እንደ ወጋችን ጠየቀች፦ «ቤተሰብ ደህና? ከብቱ ደህና? እርስዎስ?»

«ደህና፣ ደህና፣ ደህና።»

ውስጥ ስንገባ ነርሷ ሶኑን ሳቀች። «ባዝራቸው ትናንት ሞታለች እኮ። እሳቸው ቤታቸው ቢቃጠልም ደህና ነው የሚሉት።»

ኤጄ ባለችበት ቆመች። ከዚያ ወጥቼ ሽቦውን ምሰሶው ላይ እንድፈታው አዘዘችኝ። ፈታሁት፤ ሞደሙ ላይ በራውተሩ በኩል ያለው አረንጓዴ መብራት እንደበራ ቀረ።

«ጅሏ እኔ ነኝ» አለች። «ራውተሩ የሚጠይቀው ይሄን አጠገቡ ያለውን ሞደም ነው። ይሄ ደግሞ ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ደህና ነኝ ይላል። ከሱ ወዲያ ያለውን ማን ጠየቀ?»

ሽቦውን መልሼ አሰርኩት። እሷ ቀኑን ሙሉ ከወንበሯ ሳትነሳ ቅንብሩን ለወጠች። ከእንግዲህ ራውተሩ በየአምስት ሰከንዱ በሽቦው በኩል የናሪንን ሆስፒታል ይጣራል፤ ሦስቴ መልስ ካጣ በአንቴናው ይሄዳል።

ሐሙስ ተቆጣጣሪው መጣና ለመፈተን ከራውተሩ ወደ ሞደሙ የሚሄደውን ገመድ ሊነቅል እጁን ዘረጋ።

«እሱን አይንኩት፣ እሱ ሲነቀልማ ድሮም ወደ አንቴናው ይዞራል» አለችው ኤጄ። «ውጭ ምሰሶው ላይ ያለው ይፈታ።»

ለሙከራው ተኝቶ ልቡን የሚመረመር ሰው አስፈለገ። ምድጃው አጠገብ እጃቸውን ሲያሞቁ የነበሩት ጄክሼን አታ «ሥራ ከሆነማ» ብለው ተጋደሙ። ሽቦውን ፈትቼ ተመለስኩ። ምርመራው መሄዱን አቆመ። ኤጄ ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀች፤ እኔም ፈራሁ። ጥቂት ቆይቶ በአንቴናው በኩል አለፈ።

ተቆጣጣሪው ሊፈርም ብዕሩን ሲያወጣ የሶኑን ስልክ ጮኸ። የሆስፒታሉ ሐኪም ነበር፤ የደረሰውን የልብ ምርመራ አይቶ ሰውየው ከተኙበት እንዳይነሱ፣ በመኪና አሁኑኑ አምጧቸው አለ።

ጄክሼን አታ በእግራቸው ጫማቸውን እየፈለጉ «ኧረ እኔ ደህና ነኝ» አሉ።

ኤጄ ትከሻቸውን ይዛ መልሳ አስተኛቻቸው።

«አታ፣ እርስዎን አይደለም የጠየቅነው» አለች። ወደ እኔም ዞራ «መኪናውን አስነሳ» አለችኝ።