ከፊልሙ በፊት የሚታየው ዜና

ኢየሩሳሌምን ልሳለም መጥቼ በዚያው የቀረሁ ሴት ነኝ። ከኢትዮጵያውያን ገዳም በታች ባለ አሮጌ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል አለችኝ። ከጎኔ የአገሬ ልጅ ሰሎሜ ትኖራለች፤ ተማሪ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ማታ የአይሁዶቹ ሰንበት ሲወጣ ከጓደኛዋ ጋር ሲኒማ ገብታ ነበር። በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ጓደኛዋም መጥታ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ብርቱካን እየላጥን ሳለ ሁለቱ ስለ ፊልሙ መከራከር ጀመሩ።

«እትዬ አስካለ፣ እርስዎ ይፍረዱን» አለችኝ ሰሎሜ። «ሰውየው መጨረሻ ላይ መሞት ነበረበት?»

«የትኛው ሰውዬ?»

«የፊልሙ ነዋ!»

ጓደኛዋ ሳቀች። «እትዬን ደግሞ ስለ ሲኒማ ትጠይቂያለሽ? ከቤተ ክርስቲያንና ከገበያ ሌላ የት ሄደው ያውቃሉ?»

ብርቱካኔን ላጥኩ። ልጅቷ በምን ታውቃለች? እኔ በልጅነቴ ኮልፌ ውስጥ ስለ ፊልም ያለኝን አስተያየት ሴቶች ውሃ ሲቀዱ ሳይቀር የሚጠይቁኝ ሰው ነበርኩ።

ያኔ ኮልፌ ከተማም ገጠርም አልነበረም። ዛሬ ዘመዶቼ በደብዳቤያቸው አሥራ ስምንት ማዞሪያ እያሉ የሚጽፉልኝ ሠፈር የገብስ ማሳና ባሕር ዛፍ ነበር። ጣልያን ከገባ ወዲህ ግን መንገዱ ላይ ካሚዮን ቀንም ማታም አይጠፋም፤ በበጋ አቧራው የቤታችንን በር ቀይ አፈር ያለብሰዋል፣ በክረምት ጎማው የሚረጨው ጭቃ እስከ ጓዳ ይገባል። አባታችን ማይጨው ዘምቶ አልተመለሰም። ቤት ውስጥ የቀረነው እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ተክሉና እኔ ነን። ተክሉ ጎረቤታችን ጋሼ ሸምሱ መርካቶ አቡጀዲ በሚሸጡበት ሱቅ ጣቃ ይሸከም ነበር።

እዚያው መርካቶ አጠገብ ለአገሬው ሰው ተብሎ የተለየ ሲኒማ ቤት ነበር። ጣሊያኖቹ የራሳቸው አላቸው፤ የእኛው ቆርቆሮ ጣራ ያለው፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት አዳራሽ ነው። ዝናብ ከመጣ ጣራው ላይ ሲንጓጓ ሥዕሉ ብቻ ይቀራል፣ ድምፁ አይሰማም። ድምፁስ ቢሰማ ጣልያንኛ ማን ያውቃል! ተክሉ እሑድ እሑድ ከሰዓት ይወስደኛል። ጥቅምት ከሆነ ጥንቅሽ፣ ካልሆነ የገብስ ቆሎ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ በእግራችን እንሄዳለን።

የምንወደው ፊልሙን ብቻ አልነበረም። በመልሱ መንገድ ላይ የምንከራከረውን ጭምር ነው። አንዲት ሴት ልትሞት አልጋ ላይ ተኝታ ስትዘፍን፣ ስትዘፍን፣ ሐኪሙ መጥቶ ሄዶ አሁንም ስትዘፍን አየንና፣ «ይህች ሴት ሞት ነው ወይስ ሠርግ ያላት?» አልኩት። «ጣልያን እንደዚያ ነው፤ ሳይዘፍን ነፍሱ አትወጣም» አለኝ። በረሃ ውስጥ ወታደሮች የሚዋጉበትን ደግሞ ሁለታችንም አልወደድነውም፤ ከሁሉም በደንብ የሠራው ፈረሱ ነው ብለን ተስማማን።

የተጣላነው በአንድ ወፍራም ሰውዬ ነው። ይህ ሰውዬ በየፊልሙ ይወድቃል። ከመሰላል ይወድቃል፣ ኖራ ውስጥ ይወድቃል፣ ሙሽራዋ ቀሚስ ላይ ይወድቃል። ተክሉ እንባው እስኪወርድ ይስቅ ነበር። እኔ ደስ አይለኝም። «ሰው ሲወድቅ ምን ያስቃል? አያመውም?» እለዋለሁ። «አስኩ፣ አንቺ ገና በልጅነትሽ መነኩሴ ሆነሻል» ይለኛል፤ ከዚያ መንገዱ ላይ እንደ ወፍራሙ ሰውዬ ተደናቅፎ ይንከባለልና አላፊ አግዳሚውን ያስቃል።

ከፊልሙ በፊት ሁልጊዜ ዜና ይታያል። ድልድይ ሲመረቅ፣ ሹሞች ሲሰለፉ፣ ያገራችን ሰዎች ደስ ብሏቸው መንገድ ሲሠሩ። ያን ጊዜ ተመልካቹ ቦታ ይፈልጋል፣ ይጠራራል፣ ቆሎ ይዘግናል። «ይሄ ውሸቱ ነው። እውነቱ እስኪጀመር ቆሎሽን ብዪ» ይለኝ ነበር ተክሉ።

እናቴ የምንሄድበትን ታውቃለች። «ሰይጣን ግድግዳ ላይ ሲጨፍር አይታችሁ መጣችሁ?» ትለንና እራታችንን ታቀርባለች። አንድ ቀን ተክሉ፣ «እማዬ፣ አንድ ቀን ብቻ ነይና እዪው» ቢላት፣ «እኔ እዚያ ቤት የምገባው ሬሳዬ መንገድ ሲስት ነው» አለችው።

ከፋሲካ በኋላ ነው የወሰዱት። ማለዳ ወደ ሱቁ ሲሄድ መንገድ ላይ ካሚዮን አቁመው፣ አቅም ያለውን ወንድ ሁሉ እየለቀሙ ለመንገድ ሥራ ጫኑት። ከሠፈራችን ተክሉና የነአባ ገዳ ልጅ ዲባባ ነበሩበት። ጋሼ ሸምሱ እየሮጡ መጥተው ሲነግሯት እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ገና መመለሷ ነበር። ነጠላዋን ሳታወርድ እስከ መንገዱ ሮጠች። አቧራው ብቻ ነበር።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ዲባባ ብቻውን መጣ። ቤታችን አልገባም፤ ሽማግሌዎቹ ጋ ነው የሄደው። በነጋታው ገና ጎሕ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። በእኛ አገር በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል። እናቴ በሩን ሳትከፍት ነው መጮህ የጀመረችው። ዝናቡ ገደሉን ንዶት ተክሉን ከነአካፋው ቀብሮታል። ዲባባ ቆፍሮ አውጥቶ መልሶ በእጁ ቀብሮታል። ያመጣው ካፖርቱን ነው።

ስለዚያ ካፖርት ላስረዳ። አሮጌ፣ ከወታደር የተገዛ ነበር። የቀኝ ክርኑ ተቀዶ እናቴ በነጠላዋ ጥለት ቁራጭ ጥፋዋለች። ሌላ ጨርቅ አጥታ አይደለም፣ «ከእኔ ላይ የሆነ ነገር ይልበስ» ብላ ነው። ለቅሶው ላይ ሬሳ ስለሌለ እንደ ወጉ ካፖርቱ ወጣ። አልቃሿ እጅጌውን ይዛ እያነሣች ስታሞግሰው፣ ያ ጥለት ያለበት ክርን ሰው ፊት ላይ ይወዛወዝ ነበር። ከለቅሶው በኋላ ምሰሶው ላይ ተሰቀለ።

ጽጌ ገብቶ፣ ለተዝካሩ ጌሾ ተወቅጦ፣ ጠላው በጋን ተጠንስሶ ሳለ ጋሼ ሸምሱ ላብ በላብ ሆነው መጡ። በሩ ላይ ቆመው ጎንበስ አሉ።

«እትዬ ብርቄ፣ አላህ ምስክሬ ነው፣ ልጅሽን አየሁት።»

«የት?» አለች እናቴ።

«ሲኒማ። ከፊልሙ በፊት። ድንጋይ ተሸክሞ ይሄዳል፣ ያስቀምጥና ላቡን ይጠርጋል፣ ከዚያ ወደኛ ዞሮ ይስቃል። ይንቀሳቀሳል እኮ ነው የምልሽ! ፎቶ አይደለም!»

ቤቱ ውስጥ ጌሾ የሚያገላብጡት ሴቶች እልል አሉ። ፎቶግራፍ የሞተ ሰው እንደሚያሳይ ሁሉም ያውቃል፤ የየቤታችን ግድግዳ ላይ አለ። የሚራመድ፣ ላቡን የሚጠርግ፣ የሚስቅ ሰው ግን እንዴት ሞተ ይባላል? ወሬው በአንድ ከሰዓት ኮልፌን አዳረሰው። ዲባባ ገበያ ላይ ሲታይ፣ «ያው መጣ፣ ሕያው ሰው ቀባሪው!» ይሉት ጀመር። «በዚህ እጄ ነው ያለበስኩት አፈሩን» ቢል ማን ይስማው። አንዷማ «ፊቱን እንኳ ሳታይ ቀብረህ ይሆናል» አለችው። እሱ እናቴ ብቻ እንድትሰማው ነበር የሚፈልገው፤ እሷ ግን ዓይኑን አላየችም።

እሑድ ዕለት ከቅዳሴ መልስ እናቴ ጥቁሯን እንደለበሰች ቆማ፣ «ተነሺ፣ ያንን ቤት አሳዪኝ» አለችኝ። አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ አማተበች፣ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለች። «እማዬ፣ እዚህ አይወለቅም» አልኳት። ጋሼ ሸምሱ ከፊት ወንበር ቦታ ይዘውልን ነበር።

መብራቱ ጠፋ። ሹሞች ታዩ፣ ባንዲራ ታየ። ከዚያ መንገድ፤ የሰው መዓት፤ አቧራ። ከዚያ ተክሉ።

ጋሼ ሸምሱ እንዳሉት ነው። ድንጋዩን አስቀመጠ፣ በክንዱ ግንባሩን ጠረገ፣ ወደኛ ዞረ። መጀመሪያ ኮስተር ብሎ ነበር፤ ከዚያ ከእኛ ኋላ የሆነ ነገር ያየ ይመስል ያ ሳቁ መጣ፣ ትከሻው እስኪነቃነቅ። እናቴ ከወንበሯ ተነሥታ «ተክሉዬ!» ብላ ጮኸች። ሁልጊዜ በዜናው ሰዓት የሚንጫጫው አዳራሽ ጸጥ አለ። እኔ ግን ግንባሩን የጠረገበትን ክንድ ነው ያየሁት። ክርኑ ላይ ጥለቱ አለ።

ያ ካፖርት ቤታችን ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል።

ፊልም ያየ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ወፍራሙ ሰውዬ ኖራ ውስጥ ሲወድቅ ሁለት እሑድ አይቼዋለሁ፤ የወደቀው ግን አንዴ ነው። «እማዬ፣ ካፖርቱ…» አልኳት በጆሮዋ። ክንዴን ጨብጣ፣ «ዝም በይ፣ እያየሁት ነው» አለችኝ።

ተዝካሩ ቀረ። እናቴ ጥቁሯን አወለቀች፣ ጠላውን ሠፈሩ በደስታ ጠጣው። መምሬ ገብሬ፣ የንስሐ አባታችን፣ ጢማቸውን እየዳበሱ ቤት መጡ።

«ብርቄ፣ ለሕያው ሰው ፍትሐት አልፈታም። የሞተ ከሆነ ደግሞ ነፍሱን ደጅ ላይ ማቆም ነው። ቁርጡን ንገሪኝ።»

«ትንሽ ይታገሡኝ አባቴ» አለች። «ትንሽ ብቻ።»

ያቺ ከጾም አንድ ቀን ጎድላ የማታውቅ ሴት ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ ሲኒማ ገባች። ፊልሙን አታይም፤ ዜናው ሲያልቅ ነጠላዋን ታጣፋና ትወጣለች። ሰዎች ቦታዋን ይለቁላታል፤ አንዳንዱ ተክሉ ሲወጣ «እማማ፣ መጣ!» ይላታል። እሷ መጮህ ትታ ነበር። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። የምትጸልይ መስሎኝ ጆሮዬን ባስጠጋ፣ «ጎንበስ ብለህ አንሣው፣ ወገብህን» ትለዋለች። «ጠርገው፣ ጠርገው ላብህን። እንደሱ።»

ከዚያ አንድ እሑድ መብራቱ ጠፍቶ ሌላ ሹም፣ ሌላ ድልድይ መጣ። ጠበቅን። ወፍራሙ ሰውዬ ጀመረና ሰው ሳቀ። እናቴ ተነሥታ በሩ ላይ ወዳለው ቲኬት ቆራጭ ሄደች።

«ልጄን የት ወሰዳችሁት?»

ሰውየው አወቃት። «እማማ፣ ዜናው ተለወጠ። የፊልሙ ሳጥን ወደ ሌላ አገር ተላከ።»

«አይመለስም?»

«ዜና ተመልሶ አያውቅም፣ እማማ።»

አመስግናው ወጣች። ባሕር ዛፉ መሐል ስንደርስ ደረቅ ቅጠል እያንኮሻኮሸች ድንገት ተናገረች፤ «ካፖርቱን ካንቺ በፊት ነው ያየሁት። መጣፊያውን የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እማዬ፣ ለምን?»

«ሳልሸኘው ነዋ የሄደው» አለች። «አባትሽንም፣ እሱንም። አቧራ ብቻ ነው ያየሁት። አሁን እስኪሄድ ቆሜ አየሁት፤ እየሳቀ ሄደ።»

ቤት እንደገባች ካፖርቱን ከምሰሶው አውርዳ እቅፏ ውስጥ አስቀመጠችው። ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ ያለ አልቃሽ፣ ድምፅ ሳይወጣት። በማግስቱ ጥቁሯን ለብሳ መጀመሪያ ዲባባ ቤት ሄዳ እግሩ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ አለች፤ ዲባባ ቀድሟት ወድቆ ጉልበቷን ያዘ። ከዚያ መምሬ ጋ ሄደች። ጌሾው እንደገና ተወቀጠ፣ ፍትሐቱ ተፈታ።

በተዝካሩ ቀን ዲባባን ከካህናቱ ቀጥላ አስቀመጠችውና፣ «ልጄን አፈር ያለበስክ አንተ ነህ፣ ብላ» አለችው። እየበላ ሳለ እኔ ስንት ሌሊት ያሰብኩትን ጠየቅሁት። «ጋሽ ዲባባ፣ ሥዕል ሲያነሡት ተክሉ ለምን ሳቀ? ሳቁ ተብላችሁ ነው?»

ዲባባ ጉርሻውን መልሶ አኖረ። «ተብለን ነበር። እሱ ግን እምቢ ብሎ ነበር፤ ኮስትሯል። ከሥዕል አንሺው ኋላ ካፖው፣ አለቃችን፣ ቆሞ ይጮህበታል። ሲጮህ ወደ ኋላ እግሩን አነሣና ኖራ የተበጠበጠበት ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ። እስከ ወገቡ ነጭ! እኛ ፈርተን ትንፋሽ ዋጥን። ተክሉ ግን አልቻለም።»

እኔም እንጀራዬ ላይ ሳቅሁ፤ ሳቄ ወዲያው ሌላ ነገር ሆነ። እናቴ ከማዶ አየችኝ፣ አልተቆጣችም። ስለሚወድቁ ሰዎች የነበረኝን አስተያየት ያን ቀን ለወጥኩ፤ የምነግረው ሰው ግን አልነበረም።

ብርቱካኑ አልቆ ፀሐዩም ከግድግዳው ወርዷል። ሰሎሜ አሁንም መልሴን ትጠብቃለች። ሰውየው መሞት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም? እንዲህ ያለ ጥያቄ በሰላም ብርቱካን እየበሉ የሚጠየቅበት ዘመን ስላየሁ እግዚአብሔር ይመስገን። አንዳንድ ሌሊት ጸሎቴን ስጨርስ ያ ሳጥን ትዝ ይለኛል። ምናልባት ተቃጥሏል። ምናልባት ባሕር ማዶ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ ወንድሜ በጨለማው ድንጋዩን እንደተሸከመ ነው። በተቀደሰ እጅ የተፈታውን ነፍሱን ጌታ እንደተቀበለው አምናለሁ፤ ያኛው ግን፣ ያ ላቡን የሚጠርገው፣ ማን አሳርፎት?

«የሞተው ሰውዬ» አልኳት በመጨረሻ፣ «ከመሞቱ በፊት ስቆ ነበር?»

ሁለቱ ተያዩ። «ትዝ አይለኝም» አለች ሰሎሜ። «ለምን በሚመጣው ቅዳሜ ከእኛ ጋር መጥተው አያዩትም? እንወስድዎታለን።»

«ከፊልሙ በፊት ዜና ያሳያሉ?»

«ዜና? ኧረ እሱ ድሮ ቀረ እትዬ። አሁን ማስታወቂያ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው እናንተ ሂዱ፣ ልጆቼ» አልኳቸው፣ ልጣጩን በነጠላዬ ጫፍ እየሰበሰብኩ።