የባትሪ ድንጋይና የእትዬ ጎመን

«ናፍጣ አልደፋሁም አልኩህ እኮ!» አለ ዳይሬክተራችን። «ጄኔሬተሩን ለባለቤቱ ከመለስኩ ሳምንት አልፎኛል።»

«ታዲያ ጎመኑ ዝም ብሎ ነው የጠወለገው?» አልኩት።

«ገጣሚው፣ አንተ የማትጠረጥረው ሰው የለም። ከራስህ በቀር።»

አላመንኩትም። በሰማንያዎቹ ማብቂያ ነው፤ ነፋስ ስልክ፣ እትዬ ከምንላቸው ሴት ግቢ አንዲት የሰርቪስ ክፍል ለምነን፣ በተዋስነው የሠርግ ካሜራ የቪዲዮ ፊልም እንሠራ ነበር። ድርሰቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «ገጣሚው» የሚሉኝም ለዚህ ነው። ከድርሰቱ ይልቅ የምኮራው ግን በሌላ ነገር ነበር። ለፊልሙ ተብሎ ምንም እንዳይቃጠል፣ ምንም እንዳይጣል ተከራክሬ አሳምኛቸዋለሁ። ጎማ የሚቃጠልበትን ትዕይንት ሰርዣለሁ። ጄኔሬተሩንም አስመልሼ በነጭ አቡጀዲ ተክቼዋለሁ፤ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ወጥሮ ይይዘውና ፀሐይዋን ወደ ተዋናዩ ፊት ይመልሳታል። ዳይሬክተሩ «ይሄ ብርሃን ነው እንዴ?» እያለ ሲያጉረመርም ሰንብቷል። ጄኔሬተሩን ከመመለሱ በፊት የተረፈውን ናፍጣ በንዴት ጓሮ እንደደፋው እርግጠኛ ነበርኩ። ናፍጣ ነክቶት እንደሆን ጠዋት ጠዋት ጫማውን ሳይቀር አይ ነበር።

የቆርቆሮውን በር ገፋ አድርገው እትዬ ገቡ። በእጃቸው እፍኝ አፈር ይዘዋል።

«ጭቅጭቁን ተዉት» አሉ። «የምኖረው በጎመኑ ነው። ነገ ጠዋት ደንበኞቼ ሊወስዱ ይመጣሉ። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፤ ይበላል ወይስ አይበላም?»

አፈሩን አሸተቱት። «ናፍጣ ቢሆን ይሸተኝ ነበር» ብለው ወደ እኔ ዘረጉት።

ቆንጥሬ በጣቶቼ መሀል አሸሁት። ጥቁር ነው፤ እንደ ዱቄት የላመ። ጥፍሬ ሥር ከሦስት ቀን በፊት ገብቶ አልለቅ ያለኝ ጥቁር ይኸው ራሱ ነው።

ከኋላችን ያለውን ግድግዳ እስር ቤት እንዲመስል ያጠቆርኩት እኔ ነኝ። ቀለም ለምን ይገዛል ብዬ፣ ሰፈሩን ዞሬ ከየሰዉ ሬዲዮና ቴፕ ወጥቶ የተጣለ የባትሪ ድንጋይ ለቀምኩ። ተማሪ ሳለን ጥቁር ሰሌዳ እንደምናጠቁረው ሰብሬ፣ ፈጭቼ፣ ከቅጠል ጋር ለውሼ ቀባሁት። ባልዲውን ያጠብኩት ቧንቧው ሥር ነው። እትዬ ደግሞ የቧንቧው ውሃ እንዳይባክን ወደ ጎመኑ የሚወስድ ቦይ ቀድደውለታል። እጣቢውን በዚያ ቦይ ስለቅቀው፣ ይሄም አልባከነም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

መምህራችን ሰሌዳ ቀብተን ስንጨርስ፣ እጃችንን ሳንታጠብ ምሳችንን እንዳንነካ ይቆጡን እንደነበር አፈሩን ሳሸው ገና ትዝ አለኝ።

ዳይሬክተሩ ጣቴን አየ። ከዚያ ግድግዳውን አየ። ጠጋ ብሎ፣ «ቀረጻው ሊያልቅ አንድ ቀን ነው የቀረን። አታካብድ፣ ዝም በል» አለኝ በሹክሹክታ። ቀጥሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ይበላል እትዬ! ትንሽ አቧራ ነው፤ ደህና አድርጎ ማጠብ ነው» አለ።

ሳምንቱን ሙሉ በዓይነ ቁራኛ የጠበቅኩት ሰው የእኔን ጥፋት ሲሸፍን ሳየው እፍረቱ ጭራሽ ባሰብኝ። ለእኔ ብሎ ነው ወይስ ለፊልሙ? እትዬ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያሉ። እጃቸው እንደተዘረጋ ነው።

«አይበላም» አልኩ። «የባትሪ ድንጋይ ነው እትዬ። የደፋሁት እኔ ነኝ።»

«አንተ?» አሉ። «የከረሜላ ወረቀት ከግቢዬ የምትለቅመው?»

«አዎ፣ እኔ።»

«እኔ እኮ እሱን ነበር ስጠብቅ የሰነበትኩት» አሉ፣ በአገጫቸው ዳይሬክተሩን እያመለከቱ።

ዳይሬክተሩን ሳቅ አመለጠው።

እትዬ በእጃቸው የቀረውን አፈር እንዳይበተን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ከዚያ ጥግ ላይ የቆመውን መቆፈሪያ አነሡ።

«ዛሬውኑ ዕቃችሁን አውጡልኝ።»

«ግድግዳውን አጥበን እንሄዳለን እትዬ» አልኩ።

«እንዳትነኩት!» አሉ ከበሩ ላይ ዞር ብለው። «እጣቢውን ደግሞ የት ልትደፋው ነው?»

ጎመኑን ሊነቅሉ ወጡ። የቆርቆሮው በር ከኋላቸው ተዘጋ።