ታላቅ ወንድሜ ያን ጠዋት የዋጠው

ታላቅ ወንድሜ መድኃኒቱን በካርቶኑ አያስቀምጥም ነበር። የልብ ሕመምተኛ መሆኑን እንግዳና ጎረቤት እንዲያውቅበት ስለማይፈልግ፣ ሁሉንም ከማሸጊያው እየፈለቀቀ በአንድ የቫይታሚን ብልቃጥ ውስጥ ያጠራቅማል። አንድ ቀን ሲፈለቅቅ ደርሼበት የትኛው የምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ጋዜጠኛው፣ ይኼንንም ልትዘግበው ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁና ተውኩት።

የሚኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሚስቱ ደወለችልኝ። ቁርስ ላይ ቀኝ እጁ ድንገት ወደቀ፣ አፉ ተጣመመ፣ መናገር አቃተው። በኮንትራት መኪና ይዛው ስትመጣ ሲኤምሲ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆዩ። ቦሌ አንድ የግል ሆስፒታል በር ላይ ተቀበልኳቸው። አየኝ፤ ስሜን ሊጠራ ሞከረና አልሆነለትም።

የጭንቅላት ምርመራው ደም እንዳልፈሰሰ፣ ግን አንድ ትልቅ የደም ሥር በረጋ ደም እንደተዘጋ አሳየ። ሐኪሙ በብሽሽቱ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የረጋውን እንደሚያወጣ አስረዳን፤ ፈረምን። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ጭምብሉን ዝቅ አድርጎ ወጣ።

«የረጋውን አውጥተነዋል። ግን የደም ሥሩ ራሱ ስለጠበበ መልሶ እየተዘጋብን ነው። ከፍቶ የሚይዝ ሽቦ ላስገባ ነው። ለዚያ ደግሞ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ያስፈልጋል። ዛሬ እሳቸው እንዲህ ያለ መድኃኒት ወስደዋል?»

የወንድሜ ሚስት ብልቃጡን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። መዳፉ ላይ ገለበጠው። ነጭ፣ ሌላ ነጭ፣ ቢጫ፣ ግማሽ ነጭ።

«ከዚህ መሃል ደም የሚያቀጥን ሊኖር ይችላል፤ የቱን ነው የዋጡት?»

«ራሱ ነው የሚወስደው፣ ዶክተር። እኔ አላይም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጎረቤታችንም አስፕሪን በጥብጠው አጠጥተውታል» አለች።

ጎረቤቷ ከሕንፃው ምድር ላይ ሱቅ ያላቸው ሴትዮ ናቸው። ደወልኩላቸውና ስንት እንደሰጡት ጠየቅሁ።

«ሁለት ናት፣ ወንድሜ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አራት ሳትሆን አትቀርም። ግማሹ በአገጩ ፈሷል። ደም ያቀጥናል ሲባል ሰምቼ እኮ ነው። ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?»

ሐኪሙ ቆሞ ይጠብቀኛል። እንጀራዬ ሰው መጠየቅ ነው፤ ያላጣራሁትን አልጽፍም። ያን ቀን ያቀረብኩለት መረጃ ግን ሁለት ወይም አራት፣ ግማሹ የፈሰሰ፤ ከብልቃጡ የወሰደው ደግሞ አይታወቅም የሚል ነበር።

«ወስደው ከሆነና ብጨምርባቸው፣ ጭንቅላታቸው ውስጥ ሊደማ ይችላል» አለ። «ሳይወስዱ ቀርተው ብተወው ደግሞ ይዘጋል፤ የደከምነው ሁሉ ከንቱ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«መጠኑን ቀንሼ እሰጣለሁ።» ተመልሶ ገባ።

«አንተ የተማርከው፣ አንድ ነገር በል እንጂ!» አለችኝ የወንድሜ ሚስት።

ከሰዓት በኋላ በድጋሚ የተነሳው ምስል ላይ ደም ታየ። ሐኪሙን ጠየቅሁት፤ አስፕሪኑ ነው? ብልቃጡ ውስጥ ያለው? እዚህ የተሰጠው? ወይስ ደም አጥቶ የቆየው ጭንቅላቱ ራሱ?

«ለይቶ የሚነግርዎት የለም» አለኝ። «ምንም ሳይወስድ የሚደማም አለ።»

ወንድሜ አሁን ቤቱ ተኝቷል። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፤ ንግግሩም አልተመለሰም። ባለሱቋ ሱቃቸውን ዘግተው እየመጡ እጁን ያሹለታል። ባለፈው እሑድ ስወጣ ደረጃው ላይ ያዙኝ።

«እኔ ነኝ ወይ? አላህን ፈርተህ ንገረኝ።»

ሐኪሙ ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው።

«አይታወቅም ማለት፣ እኔ አይደለሁም ማለት ነው?»

«እንደዚያ ማለት አይደለም፣ እትዬ። አይታወቅም ማለት ነው።»

የደረጃውን ብረት ይዘው ቆሙ።