ቁጥር የወጣላት ሮኬት

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን ነው። አዲሱ የትምህርት ቢሮ ለሳይንስ ኤግዚቢሽን የካርቶን ሮኬት እንድሠራ እኔን መምህሩን አዘዘኝ። ስቱኮ ለቅልቄ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ነጭ ዘይት ቀለም አምስት እጅ ቀባኋት። ያውም እርጥቡ ላይ የሚለጠፈውን የባሮ ትንኝ በመርፌ እየለቀምኩ! በመጨረሻ መስታወት ሆነች፤ ፊቴን አየሁባት።

በኤግዚቢሽኑ ዋዜማ ስመጣ የቢሮው ንብረት ክፍል ሠራተኛ የሮኬቷ ሆድ ላይ በወፍራም ብሩሽ ቀይ ቁጥር ይጽፋል።

«ምን እያደረግህ ነው፣ ሰውዬ?»

«መምህር፣ ቁጥር የሌለው ንብረት ከግቢ አይወጣም።»

ለዚህ ጉደኛ ሮኬትና መጥረጊያ አንድ ነው።

በማግስቱ የቢሮው ኃላፊ ሮኬቷን ሁለት ጊዜ ዞረው ሆዷ ላይ ጎንበስ አሉ።

«እጁ ይባረክ! የማን ሥራ ነው?»

ደረቴን ነፍቼ ወደፊት ወጣሁ።

«ጎበዝ! ቁጥሩን የጻፍከው አንተ ነህ?»